የመስኮቱ ብርዝ

ጠጅ ቤታችንን እንደገና በከፈትን ቀን መጀመሪያ የመጣው ሰው ጠጅ የማይጠጣ ነበር። ማር ተሸክሞ ነው የመጣው። አንድ እግሩን ውስጥ፣ አንዱን ውጭ አድርጎ ደጃፉ ላይ ቆመና ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ግባ እንጂ፤ አይወድቅብህም» አልኩት።

«ወላሂ እሱን አላምነውም» አለ። «ከተዘጋ ስንት ዘመኑ ነው?»

«አባቴ ካረፈ ጀምሮ።»

ገባና የማሩን ጀሪካን፣ እዚያ ቤት ውስጥ የተኛ ሰው ያለ ይመስል፣ ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠው። እኔ እንግዲህ እዚያው ላይ ነው ያለቀልኝ። ሌላው ሁሉ በኋላ የመጣ ነው።

ካሚል ይባላል። አባቱ አቶ አብዱልቃዲር ከመቻራ ማርና ቡና እያመጡ እዚህ ጭሮ ከተማ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ፣ ገበያ ሲቆም፣ ማሩን ለየደንበኛው የሚያደርሰው እሱ ነው። እኔ ደግሞ እንቁ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከትምህርት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተናል። እናቴ ሳህሊቱ ጭሮ ላይ ስሟ የታወቀ ጠጅ ጣይ ነበረች። አሁን ቁርጥማት እጇን ስለያዘው ወንበሯ ላይ ሆና ታዛለች፣ እኔ እሠራለሁ። አፏን ግን ምንም አልያዘውም።

የተዘጋ ጠጅ ቤት መክፈት በር መክፈት ብቻ ይመስላችኋል? በሩማ ተከፈተ። ጋኖቹ ተሰነጣጥቀዋል። ብርሌዎቹን ሌባ ይውሰዳቸው ዘመድ አናውቅም፤ የሉም። ውኃ ጭሮ ላይ ደስ ባለው ቀን ነው የሚመጣው። ከድሮ ጠጪዎቻችን ግማሾቹ ፊት ለፊታችን የተከፈተው ድራፍት ቤት ገብተዋል፤ ግማሾቹ አፈር ገብተዋል።

ልብስ ሰፊው ጋሽ ተስፋዓለም ብቻ አልከዱንም። እሳቸውም ቢሆኑ በሰጠኋቸው ብርጭቆ ላይ አፍጥጠው፣

«ጠጁ የሳህሊቱ ነው፤ ብርጭቆው ግን የሆስፒታል ነው!» አሉ። «ብርሌ ሳይዙ ጠጅ ይጠጣል እንዴ?»

«እርስዎ ይጠጡት እንጂ፤ ብርሌውን ከድሬዳዋ አስመጣለሁ።»

«ከሰማይም ቢሆን አስመጪ!»

ጎረቤት ደግሞ መካሪ ነው። «ስኳር ጨምሩበት፤ ሁሉም ይጨምራል፤ ማን ያውቃል?» ይላል። እማዬ፣ «እኔ አውቃለሁ» ትላለች። በቃ፣ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል።

ያን የመጀመሪያ ቀን ካሚል ከንፈሩ በአቧራ ነጭ ሆኖ ውኃ ጠየቀኝ። እማዬ ከወንበሯ ሆና፣ «ብርዝ በጥብጪለት፤ የሰው ልጅ አፉ ደርቆ ከቤቴ አይወጣም» አለች። ብርዝ ማርና ውኃ ብቻ ነው፤ ጌሾ አይነካውም። ጠዋት ተበጥብጦ ዕለቱን ሲጠጣ ሕፃንም ይጠጣዋል። ካደረና ከሰነበተ ግን ጠባዩ ይለወጣል።

ጠጣው። ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው እኔን እያየ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ አንድ ብርጭቆ የእሱ ሆነ። ደረጃው ላይ ይቀመጣል፤ እኔ በሩን ተደግፌ እቆማለሁ። ስለ መቻራ መንገድ ያወራልኛል፣ ዝናብ ሲጥል መኪናው እንዴት ወደ ኋላ እንደሚንሸራተት። እኔ ስለ ጠጪዎቼ አወራለታለሁ። ወሬ ሲያልቅብን ዝም እንላለን፤ ከወሬውም ዝምታው ይጣፍጠኝ ነበር። አንዳንዴ ጣቱ ላይ የደረቀ ማር አያለሁ። ለማጠብ ውኃ እንደማምጣት ዝም ብዬ አየዋለሁ።

«ኢንተላ፣ ምን ታያለሽ?» ይለኛል። በኦሮምኛ «ልጅት» ማለቱ ነው።

«ዝንብ አርፎብሃል።»

«የታለ?»

«በረረ።»

አንድ ቀን አንገቱን ደፍቶ፣ «አባዬ ለመጠጥ የሚሆን ማር አይሸጥም» አለኝ። «ሐራም ነው ይላል።»

«ታዲያ ለእኛ እንዴት ሸጡልን?»

«ብርዝ ለሚሠሩ ሰዎች ነው ብዬው ነዋ። ቤታችሁ ተዘግቶ ስለከረመ አመነኝ።»

«አንተ ውሸታም!»

«አቦ ተይኝ! አትሠሩም? ይኸው እየጠጣሁ።» ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ሳቅን። ግን ዓይኑ አልሳቀም፤ ነገሩ እንደሚከብደው ያን ቀን ገባኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ። «ጠጁን ተይው» ቢለኝ እተወው ነበር። የእማዬን ስም፣ የአባቴን ወንበር፣ ጋሽ ተስፋዓለምን ከነብርሌያቸው እተው ነበር። ሐሙስ በመጣ ቁጥር እንዲለኝ ጠበቅሁት። አላለኝም። የኔ ቤት ምን እንደሆነልኝ ያውቅ ነበርና አንድም ቀን አላለኝም። ደግ መሆኑ ነው መሰለኝ ያቃጠለኝ።

ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበር። ውኃ ሰኞ መጣና ጠፋ። ሐሙስ የሚበጠበጥበት ውኃ እንደማይኖር አውቄ የካሚልን ብርዝ ሰኞውኑ በጠበጥኩት። ያስቀመጥኩትም በእማዬ አሮጌ የጠጅ ማሰሮ ነው። ቤቱ ከተዘጋ ጀምሮ አቧራ ሲጠጣ የኖረ ማሰሮ ነው። በግራዋ አሸሁት፣ በወይራ አጠንኩት፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርገው? ሐሙስ ጠዋት ቀምሼ እንዳላየው ደግሞ ጿሚ ነኝ፤ ከቀትር በፊት አፌን አልከፍትም።

መንገዱ ስለከፋ በጣም ጠምቶት ደረሰ። አንዱን ብርጭቆ ቆሞ ጨረሰው።

«ዛሬ ይነክሳል» አለ።

«ጥርስህ ነው እንጂ ብርዝ ምን ይነክሳል!» ብዬ ደገምኩለት።

ሁለተኛውን አጋምሶ ቆመ። ፊቱ ቀላ። ብርጭቆውን አየ፣ እኔን አየ፣ ማሰሮውን አየ። እኔም ዞሬ አየሁት፤ ማሰሮው አፉ ላይ አረፋ ደፍቷል። ያ ሁሉ ዘመን ደርቆ ኖሮ እንኳ ጠጅነቱን አልረሳም።

«ካሚል፣ እኔ...»

«አውቃለሁ» አለ። «አውቃለሁ እንቁ።» ብርጭቆውን እንደዚያ እንደ ጀሪካኑ ቀስ አድርጎ አስቀምጦ ወጣ።

የቀትሩ የዙህር ሰላት ደርሶ ነበር። አባቱ ሱቅ ውስጥ ይጠብቁታል። አፉ ሸተታቸው።

ከሰዓት በኋላ አቶ አብዱልቃዲር ደጃችን መጥተው ቆሙ። ሁለቱም እግራቸው ውጭ ነበር።

«ልጄ ምን ጠጣ?»

እማዬ ከወንበሯ ልትነሳ ሞከረችና አቃታት። «አቶ አብዱልቃዲር፣ ብርዝ ብላ ነው የሰጠችው። ማሰሮው ነው ጉድ የሠራት። በልጅዎ አይዘኑበት።»

«እሱ ሁሉን ነግሮኛል። እናንተን አልከስም፣ ወይዘሮ ሳህሊቱ። ግን ከእንግዲህ ማሬ ለዚህ ቤት አይመጣም።» አንዴ ወደ እኔ አዩ። «ልጄም።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ግን ካሚል መጣ። ጀሪካን አልያዘም።

«ቦርደዴ ከተማ ሄጄ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ልሠራ ነው» አለ።

ተነስቼ ብርዝ ሰጠሁት። ጠዋት ያደረግሁት፣ ከጎረቤት በለመንኩት ውኃ የበጠበጥኩት ነበር። ተቀበለኝ። ወደ አፉ ከማድረሱ በፊት ግን አፍንጫው ጋ ቆም አደረገው። አሸተተው። አስቦበት አይደለም፤ ሳያስበው ነው። እኔ ማየቴን አየ።

«አልጠማኝም» አለና መለሰልኝ።

ከንፈሩ በአቧራ ነጭ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስላለፈው ጊዜ ብዙ አላወራም። ለጠጁ ማር ከመሰላ ወረዳ ማስመጣት ጀመርን፤ አንዱ ሲደርስ አንዱ ሲቀር ጋኑ ባዶውን ይሰነብታል። ጋሽ ተስፋዓለም እንኳ ድራፍት ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲያመነቱ አየኋቸው። «መንገድ እያቋረጥኩ ነው!» ብለው ጮኹብኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

ጎረቤታችን ቅመም ነጋዴዋ ኡሙልኸይር ናት አንድ ቀትር ላይ ያነሳችኝ። ፀሐይ አናቷን ስትመታት በመንገድ በኩል ያለውን መስኮታችንን ደበደበች። ያ መስኮት በምስማር የተመታ ነበር።

«እንቁ! ያን ካሚል፣ የአብዱልቃዲር ልጅ፣ ይጠጣው የነበረውን ነገር ስጪኝ!»

«በበሩ ዞረሽ ግቢ፣ እሰጥሻለሁ።»

«እኔ ጠጅ ቤት? አስተግፊሩላህ! በዚህ አውጪልኝ።»

ምስማሩን በመዶሻ ነቀልኩት። ልሰጣት ስል እጇን ሰበሰበች።

«ማሰሮው?»

«አዲስ ነው» አልኳት። እውነቴን ነው። ካሚል በሄደ ሳምንት ከገበያ የገዛሁት፣ ጠጅ የሚባል የማያውቅ ማሰሮ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት እበጠብጥበታለሁ፤ የሚጠጣው ሰው ግን የለም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ኡሙልኸይር ፊቴን አይታ ጠጣችና ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

በማግስቱ ሁለት ጓደኞቿን አመጣች። ቀጥሎ የባጃጅ ልጆች መጡ፤ ከዚያ ከመስጊድ የሚመለሱ ሽማግሌዎች ደግሞ፣ «አካም ኦልቴ ኢንተላ» ብለው ሰላም እያሉኝ እጃቸውን በመስኮቱ ይዘረጉ ጀመር። ኡሙልኸይር የጠራችበት ስም ተለጠፈበት፦ የካሚል ብርዝ። «አንድ የካሚል!» ሲሉኝ እቀዳለሁ።

ማሩንም ራሷ ኡሙልኸይር ከአቶ አብዱልቃዲር ታመጣልኝ ጀመር።

«የመስኮቱ ነው ብዬ ምያለሁ። አንድ ጠብታ ወደዚያ ጋን ብትገባ...»

«እጄ ይቆረጥ!»

«እጅሽን ምን ላድርገው? ዝም ብለሽ አትጨምሪው።»

አልጨመርኩም። ፀሐይ ስትጠልቅ የተረፈውን ለገበያ ተሸካሚዎች እቀዳዋለሁ። እማዬ፣ «ያን የመሰለ ማር! የእኔ ጋን ባዶ ተቀምጦ!» እያለች ታቃጥለኛለች። ግን መስኮቱ ነው በሩን ክፍት ያቆየው፤ እሷም ታውቀዋለች። የመሰላው ማር ሲደርስ ጠጁን እንጥላለን፤ ያን እሑድ ቤቱ ይሞላል፣ ጋሽ ተስፋዓለም በድሬዳዋ ብርሌያቸው ፎክረው ይጠጣሉ። የአባቴ ወንበር ላይ ሰው ይቀመጣል። እኔ ከሳቃቸው መሃል ሆኜ ሐሙስን እቆጥራለሁ።

ሌላ የማር ወቅት ደረሰ። አንድ ሐሙስ ጎንበስ ብዬ ብርጭቆ ሳጥብ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ተጋረደ።

«ስሜን ትሸጫለሽ አሉ። ቦርደዴ ድረስ ተሰምቷል።»

ቀና ማለት አቃተኝ። «ስምህ ብቻውን አይሸጥም» አልኩት ለብርጭቆው። «ማር ይገባበታል።»

«የአባዬን ማር?»

«የመስኮቱን ማር።» አሁን ቀና አልኩ። ፂም ጀማምሮታል። ዓይኑ ግን ያው ነው። «መምጣትህን ያውቃሉ?»

«ነግሬው ነው የመጣሁት። ዘንድሮ አልዋሽም።»

«ምን አሉ?»

«ዝም አለ።»

«ዝም አለ ማለት ምን ማለት ነው?»

«አቦ ተይኝ፤ ዝም አለ ማለት ነው!» ፈገግ አለ፤ ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። «'አትሂድ' ግን አላለኝም።»

ቀዳሁለት። ግማሹ መስኮቱ ላይ ፈሰሰ። ተቀበለኝ። እኔ ሌላ ነገር አላየሁም፣ አፍንጫውን ብቻ ነው ያየሁት። ብርጭቆው ከእጄ ተነስቶ ወደ ላይ ሄደ፤ የትም ቦታ አልቆመም። ሳያሸተው ጠጣ። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ ታች ጠጣው፤ ሲገልጠውም እንደ ድሮው እኔን እያየ ነበር።

ከኋላው ሁለት የባጃጅ ልጆች፣ «ወንድም፣ ውለህ ልታድር ነው?» እያሉ ያጉረመርማሉ።

ባዶውን ብርጭቆ በመካከላችን አስቀመጠው። ቀስ አድርጎ።

«የቦርደዴ መኪና ሊወጣ ነው» አለ። ሁለት እርምጃ ሄደና ዞረ። «ሐሙስ አለ አይደል?»

«ሐሙስማ ሁልጊዜ አለ» አልኩት።