ያሰረ ይሳፈራል

የአባቴ ጋራዥ አንድ የማይሻር ሕግ አለው፦ ያሰረ ይሳፈራል። የፊት ጎማ ፈትቶ መልሶ ያሰረ ሰው፣ ለመጀመሪያው ሙከራ እዚያው መኪና ውስጥ ይቀመጣል። አባቴ ምክንያቱን ሲጠየቅ «የራሱን ነፍስ ያስያዘ ሰው ዳዶ ማጥበቅ አይረሳም» ይላል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እጄን ግራሶ እያስነካሁ በዚህ ሕግ ስሳፈር ነው ያደግኩት።

በከተማችን አንድ ሱቅ ውስጥ የሚሠራው ሰዓት ሠሪ መጀመሪያ ወደ ጋራዡ የመጣው ከአጎቱ የወረሳትን አሮጌ መኪና እየነዳ ነው። የፊት ግራ ጎማዋ ሲያጉረመርም ሰምቶ፣ ላልቶ ነው ብሎ፣ የጎማውን የመሀል ዳዶ ራሱ ጥርሱን ነክሶ አጥብቆት ነበር። አባቴ ጎማውን ፈትቶ፣ ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ተቃጥሎ አወጣው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ዳዶ ነው ወይስ የጠላትህ አንገት?»

«ይበልጥ ሲጠብቅ ይሻላል ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ሰዓቱንም እንዲህ ነው የምትሠራው?»

እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። እኔ ሌላ መኪና ሥር ተኝቼ ሳቄ አመለጠኝ። ጎንበስ ብሎ አየኝና፣ ግራሶ የተቀባ ፊቴን አይቶ እሱም ሳቀ። በቃ፣ እዚያው ላይ አለቀልኝ።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ሕመም አላጣችም። ዛሬ ጡሩምባዋ ድምፅ ያንሰዋል፣ ነገ መስታወቷ ይንቀጠቀጣል። እኔ በሌለሁበት ቀን ግን ጤነኛ ነበረች። አባቴ ጢሙን እየዳበሰ «የታመመችው መኪናዋ ናት ወይስ ሹፌሯ ነው?» ይላል፤ እኔ ያልሰማሁ መስዬ መፍቻ እፈልጋለሁ። ሥራዬን ስጨርስ ሰዓት ሠሪው የእጅ ሰዓቴን ይቀበለኝና ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣታል። «ደህና ናት» ብሎ ራሱ መልሶ ያስርልኛል። ለሰዓት ሠሪ ማሰሪያዋን ለመቆለፍ የሚፈጅበት ጊዜ በጣም ረጅም ነበር።

አንድ ማለዳ ግን ሻንጣውንና የሥራ መሣሪያዎቹን የያዘውን የእንጨት ሣጥን የኋላ ወንበር ላይ ጭኖ መጣ።

«የምሠራበት ሱቅ ሊፈርስ ነው» አለ ወደ እኔ ሳያይ። «ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ የፊት ጎማዎቹን ብታዩልኝ ብዬ ነው። ከዚሁ በቀጥታ እሄዳለሁ።»

ሰው እንዲህ በድንገት ይሄዳል? አባቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየና «እኔ ቀኙን እይዛለሁ፤ አንቺ ግራውን» አለ።

መኪናዋን በክሪክ አነሳኋት። ጎማውን አወጣሁ፣ ኩሽኔታዎቹን በቤንዚን አጥቤ አደረቅኩ። አዲስ ግራሶ መዳፌ ላይ አድርጌ፣ በየብረቱ መሀል ሰርጎ እስኪገባ ድረስ ኩሽኔታውን እየጫንኩ ሞላሁት። «ግራሶ አልቋል በይውና ዛሬን ይደር» የሚል ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ውሸቱ አፌ ድረስ ደርሶ ተመለሰ። የሚሄድን ሰው በውሸት አስቀርቼ ምን ላደርገው ነው?

ጎማውን መለስኩ። በአንድ እጄ እያሽከረከርኩ በሌላው ዳዶውን አጠበቅኩና፣ ትንሽ መልሼ አላላሁት። ሰዓት ሠሪው አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ያያል።

«ካጠበቅሽው በኋላ ለምን ታላዪዋለሽ?»

«ኩሽኔታው ሲሞቅ ያብጣል። መላወሻ ካጣ ይቃጠላል። አንተ እንዳቃጠልከው።»

አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። «ያሰረ ይሳፈራል! ሁለታችንም አስረናል፣ እንግዲህ ሁለታችንም እንሳፈራለን።»

አባቴ ከኋላ ከሻንጣው ጎን ተጨምቆ፣ የእንጨት ሣጥኑን ታቅፎ ተቀመጠ። እኔ ከፊት፣ መሪውን ከያዘው ከሰዓት ሠሪው ጎን። መኪናዋ ኮሽታ እንኳ የላትም። እንዲያ ጸጥ ማለቷ አናደደኝ።

የከተማው መውጫ ላይ እንደ ልማዳችን ቆምን፤ የጎማው መሀል ሞቆ እንደሆነ በእጅ ይዳሰሳል። አባቴ ወደ ቀኙ ዞረ። እኛ ግራው ጋ ቁጢጥ አልን። መዳፌን አስቀመጥኩ፤ ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም። እሱም መዳፉን አስቀመጠ፤ እጄ ላይ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? አባትሽ ‹ልጄ ከዚህ ጋራዥ ንቅንቅ አትልም› ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እንዴት ብዬ ነይ እንሂድ ልበልሽ?»

«ያንን እኮ ያለው ለሌላ ጋራዥ ባለቤት ነው! ሊቀጥረኝ ለመጣ ሰው!»

ቀና ብሎ አየኝ። «እና እኔ ብጠይቅሽስ?»

«ሞኝ! እወድሃለሁ እኮ። ጋራዡን መተው አልፈልግም፣ አንተም እንድትሄድ አልፈልግም። ሰዓት ሠሪ አይደለህ? በል አስተካክለው!»

ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። «እኔም እወድሻለሁ። አሁን ግን እዚህ የምሠራበት ቦታ እንኳ የለኝ...»

ከመኪናዋ ማዶ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቀኙ አልጋለም» አለ። ቆየት ብሎም፦ «እኔም አልደነቆርኩም።»

እሳት እንደነካው ሰው እጃችንን ሰበሰብን።

ተመልሰን ጋራዡ ደጅ ስንደርስ ሰዓት ሠሪው ሞተሩን ሳያጠፋ መሪውን እንደያዘ ቀረ። አባቴ ሣጥኑን እንደታቀፈ ወረደና፣ ቀለም ወደምናስቀምጥባት ባለ ሰፊ መስኮት ክፍል ገባ። ጣሳዎቹን በእግሩ ወደ ጥግ ገፋ፤ ጠረጴዛውን በእጅጌው ጠረገና ሣጥኑን መስኮቱ ሥር አስቀመጠው።

«ብርሃኑ ይበቃሃል?» ብሎ ጮኸ፣ ወደ እኛ ሳይዞር።

«ይበቃኛል፣ ጋሼ።» አለ ሰዓት ሠሪው።

«እንግዲያው ሞተሩን አጥፋ። ቤንዚን በነጻ አይቀዳም።»

ዛሬ የዚያች መኪና የፊት ጎማዎች ግራሶ ሲቀየር ቀኙን እኔ አስራለሁ፤ ግራውን ባሌ። አጥብቆ መልሶ ማላላቱን ተምሯል። አባቴ አርጅቶ መፍቻ መያዝ ቢተውም፣ ለሙከራ ስንወጣ ከሁላችን ቀድሞ የኋላ ወንበር ላይ እናገኘዋለን።

«አባዬ፣ አንተ እኮ ዛሬ ምንም አላሰርክም» እለዋለሁ።

«ሣጥኑን ያወረደው ማን ሆነና!» ይለኛል፣ በሩን እየዘጋ።