የረቡዕ ትርፍ ሰዓት

ጀቤሳን ፈሪ ቢሉት አይቀየምም፤ ራሱም ያውቀዋል። ሐሮ ወንጪ፣ ከሐይቁ አፋፍ ባለው ሎጅ በር ጠባቂ ነው። ሠራተኛ ሲገባና ሲወጣ ሰዓቱን በመዝገብ ይጽፋል። ኤቢሴን ሦስት ወር ሙሉ ሲወዳት ግን ከ«ደህና እደሪ» ያለፈ ቃል ከአፉ አልወጣም።

ኤቢሴ አንሶላ አጣቢ ናት። ሥራዋ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል፤ ቅዳሜና እሁድ እንግዳ ሲበዛ ግን እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ትቆያለች። የትርፍ ሰዓቷን ስትጠይቅ ሥራ አስኪያጁ አቶ አሻግሬ፣ «እኛ ቤተሰብ አይደለንም እንዴ?» ብሎ ሸኛት።

አምቦ ወርዳ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አመለከተች። ቢሮውም የበሩ መዝገብ ይቅረብ አለ።

«ኦቦ ጀቤሳ፣ ሰኞ ይዘኸው ትመጣልኛለህ?» አለችው።

አቶ አሻግሬ፣ «መዝገቡን ይዘህ ከወጣህ እንዳትመለስ» ብሎታል።

«ካልሆነልህ አልቀየምህም» አለች። እጇ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቋል። ያን እጅ እያየ እምቢ ማለት አቃተው።

«እመጣለሁ» አላት።

ሰኞ ጠዋት መዝገቡን በጋቢው ጠቅልሎ አምቦ ገባ። ኤቢሴ ቢሮው ውስጥ ትጠብቀው ነበር።

የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ መንበረ መዝገቡን ከማመልከቻው ጋር አስተያይታ ቀና አለች።

«ልጄ፣ ቅዳሜና እሁዱ ልክ ነው። ረቡዕ ረቡዕም እስከ አሥራ ሁለት ቆይተሻል። ይኼን ለምን ተውሽው?»

«ረቡዕ ሥራዬን በሰዓቱ ነው የምጨርሰው።»

«ታዲያ አንድ ሰዓት ሙሉ ምን ትሠሪያለሽ?»

«በሩ ጋ ተቀምጬ ጓደኛዬን ኡርጌን እጠብቃለሁ።»

ወይዘሮ መንበረ ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረገች። «ኡርጌ የምትባለው እኮ ረቡዕ ዕረፍቷ ነው። አንድም ቀን አልገባችም።»

ኤቢሴ አንገቷን ደፋች። ጀቤሳ በገዛ እጁ የጻፈውን መዝገብ አፍጥጦ አየ። ሦስት ወር ሲጽፈው ከርሞ አንድ ቀን እንኳ ልብ አላለውም፤ ምን ዓይነት ጅል ነው።

«ረቡዕ በሩ ላይ ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጀቤሳ፤ ድምፁ እምብዛም አይሰማም።

ወይዘሮ መንበረ ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ መዝገቡን ዘጋች። «ይሄኛውስ የቢሮዬ ጉዳይ አይደለም። የቅዳሜና የእሁዱን ሎጁ ይከፍልሻል።»

ወጡ። አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ኤቢሴ ቆመች።

«ሥራህን አሳጣሁህ።»

«ሌላ እፈልጋለሁ» አለ ጀቤሳ። ቀጥሎም፣ «ከእንግዲህ ረቡዕ ረቡዕ የት ነው የምትቀመጪው?» አላት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከዓይኗ አላሸሸም።

«አንተ ያለህበት» አለችው።