ሐረግ የለበሰው ክፍል

የዓለሙ አስከሬን የተገኘው ሐረር ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ፣ ሐረግ በዋጠው አሮጌ የድንጋይ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም። በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር። ዓለሙ የጀጎልን ቤቶች ለካርታ የሚለካ ሠራተኛ ሲሆን አስም ነበረበት፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ገብቶ ረቡዕ ማምሻውን ሞተ። በግቢው ብቻቸውን የሚኖሩት እማማ ሸምሲያ ሐሙስ ከድሬዳዋ ሲመለሱ አገኙት።

ዓርብ ጠዋት የሥራ ባልደረባው ጌታነህ በገዛ ቢሮው እንደ እስረኛ ተቀምጦ ነበር። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«ያንተ ሥራ ምንድን ነው?» አለችው ኢንስፔክተር ዋፊቃ።

«ድሮን ከላይ ሆኖ የሁሉን ነገር ከፍታ ይለካል። ዛፉም ቤቱም ተደባልቆ ይመጣል። እኔ ዛፉን አነሣና ቤቱን አስቀራለሁ።»

«በእጅህ?»

«በኮምፒውተሩ ነው። የዛፍ አናት ይጎረብጣል፤ የጣራ አናት ለጥ ያለ ነው። ለጥ ያለውን ይተወዋል።»

«ታዲያ ዓለሙ የሞተበት ክፍል ከካርታው ላይ የት ገባ? ሐረጉ እንደሆነ ጣራው ላይ እንደ ምንጣፍ ለጥ ብሎ ነው የተኛው።»

ጌታነህ ካርታው ላይ አፈጠጠ። ክፍሉ ባለበት ቦታ ባዶ መሬት ይታያል። የጠፋው ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ በእሱ ስም ነው።

«የይለፍ ቃሌ እኮ ኮምፒውተሩ ላይ ተለጥፏል!»

«ጎበዝ! ቁልፍህን በር ላይ ሰክተህ ሌባ መጣብኝ በል።»

የቢሮው ኃላፊ አቶ ኪዳነወልድ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጌታነህን እንደ ልጄ ነበር የማየው። ግን ከዓለሙ ጋር ይጨቃጨቁ ነበር።»

«የድሮኑን ጥሬ መረጃ ክፈቱልኝ» ብሎ ጌታነህ ለመነ። «ዛፉ ሳይነሣ በፊት የነበረው ሁሉ እዚያ አለ።»

«ደግሞ የምን ጥሬ?» አሉ ኪዳነወልድ። «ካርታው አልቆ የለም እንዴ?»

ዋፊቃ ቀና ብላ አየቻቸው። «እርስዎ ያን ግቢ ገብተውበት ያውቃሉ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሁሉም እማማ ሸምሲያ ግቢ ተሰበሰቡ። ጌታነህ በካቴና ነበር።

«ኮምፒውተር ሲያጠፋ ዳሩ አይጥ የበላው ጨርቅ ይመስላል» አለች ዋፊቃ። «ይህ ግን በቀጥታ መስመር ተቆርጧል፤ የሰው እጅ ነው። ከሰማይ ሲታይ ክፍሉ አራት ማዕዘን ነው። እጁ የቆረጠው ግን ስድስት ማዕዘን ነው። እማማ፣ ማንጎው ሥር ምን አለ?»

«ትንሿ ጓዳ ናት፣ የኔ ልጅ። መግቢያዋ በውስጥ ነው። ከላይ ማንጎው ሸፍኗታል።»

«ስድስት ማዕዘን የሚሆነው ጓዳዋ ስትጨመር ነው፤ እንግዲያው ያጠፋው ሰው ውስጥ ገብቶ ያውቃል። ዓለሙ ያን ሰዓት እዚህ ተቆልፎበት ነበር፤ ልኬቱን የጻፈበት ደብተርም ከኪሱ ስላልወጣ ማንም አላየውም። ከእሱ ሌላ የቢሮው ቁልፍ ያላቸው ጌታነህና አቶ ኪዳነወልድ ብቻ ናቸው።»

«ያው ጌታነህ ነዋ!» አሉ ኪዳነወልድ።

«ጌታነህ ቢሆን ጥሬውንም ያጠፋው ነበር እንጂ ክፈቱልኝ ብሎ አይለምንም። ይህ ግቢውን የሚያውቅ፣ ኮምፒውተሩን የማያውቅ እጅ ነው። እርስዎ ደግሞ ጥሬ የሚባል ነገር መኖሩን የሰሙት ዛሬ ጠዋት ነው።»

እማማ ሸምሲያ የደከሙ ዓይኖቻቸውን ጨፈኑ። «ወላሂ ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ከወንድሙ ጋር መጥቶ እስከ ጓዳዋ አስገባሁት። እንግዳ ማረፊያ እንሥራበት አሉኝ፤ አይሆንም አልኳቸው።»

«አሮጌ ቤት ማፍረስ ክልክል ነው» አለች ዋፊቃ። «ካርታው ባዶ መሬት ካለ ግን ማን ይከለክላል? ዓለሙ ክፍሉን ለክቶ አስቸገረዎት።»

ኪዳነወልድ ግድግዳውን ተደገፉ። «ላስፈራራው ብዬ ነው... ልከፍትለት ነበር።»

ማምሻውን ጌታነህ ጥሬውን ከፍቶ ክፍሉን ወደ ካርታው መለሰ። ረቡዕ ከሻይ ዕረፍት ሲመለስ ያችን ባዶ ቦታ አይቷት ነበር። ኮምፒውተሩ አይሳሳትም ብሎ አለፋት። ያን ጊዜ ዓለሙ በሕይወት ነበር፤ በሩን እየደበደበ።

ተነሣና የቢሮውን በር ወለል አድርጎ ከፈተው።