ባዶውን ካቢኔት የዘጋ እጅ

ዶክተሯ የሞተችው ማይክሮስኮፑ ላይ እንደተደፋች ነበር። ባልደረቦቹ «አይቸኩሌ» የሚሉት መርማሪ ሲደርስ አስከሬኗ ተነሥቶ የጠባቧ ክፍል መስኮት ተከፍቷል፤ የላቦራቶሪ ሠራተኛዋ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ትንሰቀሰቃለች።

«እኔው ነኝ የገደልኳት! የጋዙን ሲሊንደር ስንቀይር ቱቦውን በደንብ ሳላየው ቀርቼ ነው።»

«ተይ እንጂ እህቴ! ሳይጣራ ራስሽን አትክሰሺ» አላት አይቸኩሌ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰሩ ግን ፈርደው ጨርሰዋል። «ቸልተኝነት ነው። ናይትሮጂን ሽታ የለውም፤ አየሩን ገፍቶ ያስወጣና ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል። በሉ ውሰዷት።»

አይቸኩሌ እንኳን ለእስር ለምሳም አይቸኩል። ጋዙ ከሚገባበት የሴል ማቆያ ካቢኔት ኋላ ተንበርክኮ የወለቀውን ቱቦ እያየ፣ «ይኼ ምን ይሠራል?» አለ።

«የጡት ካንሰር ዕጢ ሴሎች በናይትሮጂኑ አየር አጥሯቸው ይኖሩበታል» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ዕጢው መሀል አየር ሲያጥር ሴሎቹ ይሸሻሉ፤ ወደ ሳንባ፣ ወደ አጥንት። መድኃኒቴ ያንን ሽሽት ያስቆማል።»

«አያስቆምም!» አለች ሠራተኛዋ። «ዶክተሯ ደጋግማ ሞክራዋለች። መድኃኒቱ የሚሞከርባቸው ሴቶች መውሰድ እንዲያቆሙ ለሐኪሞቻቸው ልትጽፍ ነበር።»

ጋዝ የሚያመላልሱት ሽማግሌ ተጠሩ።

«እኔ ልጄ የተጫነኝን ነው የማመላልሰው» አሉ። «ከምሳ በኋላ ሲሊንደሩን ስንቀይር፣ እንደ ልማዳችን የሴሎቹን ሳህኖች ወደ ጎረቤት ካቢኔት አሻገርናቸው። ቱቦውን የሰካሁት እኔ ነኝ፤ ጥብቅ አድርጌ!»

«ፕሮፌሰሩስ?»

«ያኔ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ የመጡት ኋላ ነው።»

አይቸኩሌ ሦስቱንም ካቢኔቱ ፊት አቆማቸው።

«ቱቦው በራሱ ወልቆ ቢሆን የካቢኔቱ አፍ ክፍት በሆነ ነበር። ተመልከቱ፣ በመቆንጠጫ ጥርቅም ብሏል። ቱቦውን የነቀለው ሰው ለሴሎቹ ሳስቷል፤ አየር እንዳይገባባቸው ብሎ። አይ ሰው! ለሴል እየሳሳ ሰው ይገድላል። እናንተ ሁለታችሁ ካቢኔቱ ባዶ መሆኑን ታውቃላችሁ። ባዶ ቤት ማን ይቆልፋል? ሳህኖቹ ውስጥ ያሉ የመሰለው፣ ስትቀይሩ ስብሰባ ላይ የነበረው ብቻ ነው።»

ፕሮፌሰሩ ለመካድ እንኳ አልሞከሩም።

«ሴሎቼስ?» አሉ። «ደህና ናቸው?»

ሠራተኛዋ እንባዋን በጋዋኗ እጅጌ ጠርጋ ወደ ጎረቤት ካቢኔት ሄደች፤ አንዱን ሳህን ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጋ ረጅም ጊዜ አየች።

«ደህና ናቸው፣ ፕሮፌሰር። መድኃኒትዎ ውስጥ ተዘፍቀው አሁንም እየሸሹ ነው።»

አይቸኩሌ ወንበር ስቦ ወረቀት አቀረበላት።

«ለሐኪሞቹ የሚሄደውን ደብዳቤ አንቺ ጻፊው፣ እህቴ» አላት። «ዛሬውኑ ይሂድ።»