የአጋሮዋ ሂንድ

እናንተዬ፣ ሀምዳን ክፉ ሰው አልነበረም። ይሄን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ኋላ እናንተው ትፈርዱበታላችሁ።

ሄርማታ ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። አንድ ቀን ኪቶ ፉርዲሳ የዩኒቨርሲቲ ግቢ የምትማር ሩፈይዳ የምትባል ልጅ ላፕቶፕ ይዛ ገባች። ገና ሲያያት የያዘው መፍቻ ከእጁ ወደቀ።

«ከተማ እየገነቡ ጦር የሚያዘምቱበትን ጌም ትጭንልኛለህ?»

«እጭንልሻለሁ። ግን ለብቻ አይጥምም። ከፈለግሽ በኢንተርኔት እኔ እገጥምሻለሁ።»

«እኔና አንተ ብቻ?» ራሷን ነቀነቀች። «አይሆንም። ከማላውቀው ወንድ ጋር ብቻዬን አልሆንም፤ በኢንተርኔትም ቢሆን።»

ምን እንደነካው እንጃ፣ «የአክስቴ ልጅ ሂንድ አለች፣ አጋሮ ነው የምትኖረው። ሦስት እንሆናለን» አላት።

ሂንድ የምትባል የአክስት ልጅ አልነበረችውም።

በማግስቱ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ጌሙን ሁለት ጊዜ ከፈተው። በግራው መስኮት ሀምዳን፣ በቀኙ ሂንድ። ማውሱ አንድ ስለሆነ ሂንድ ስትዘምት የሀምዳን ጦር ተገትሮ ይቀራል።

«ሂንድ ስትዋጋ አንተ ለምን ትፈዛለህ?» ብላ ጻፈችለት ሩፈይዳ።

«ሴት ትቅደም ብዬ ነው።»

እስከዚህ ቀልድ ነው እንበል። እነግራታለሁ እያለም ነበር። ነገ፣ ከነገ ወዲያ...

ሩፈይዳ ግን ለሂንድ ለብቻዋ መጻፍ ጀመረች። እህት የላትም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሰው ፊት አልቅሳ እንደማታውቅ ነገረቻት። ሰው ሲጮህባት ድምጿ እንደሚጠፋ ነገረቻት። አንድ ቀን ደግሞ፣ «ሂንድዬ፣ ሀምዳንን ወደድኩት መሰለኝ። እንዳትነግሪው...» አለቻት።

ያኔ መናገር ነበረበት። አልተናገረም። ይልቁንም በቀኙ መስኮት «ምን ዓይነት ባል ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ጠየቃት፤ የመለሰችውን አንብቦ በግራው ሆነላት። የማይጮህ አለች፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እናቴን ሳልጠይቀው የሚያስታውስልኝ አለች፣ ለእናቷ ዱዓ አደረገ።

«ወላሂ፣ ልቤን እንዴት እንዲህ አወቅከው?» አለችው።

ሽማግሌ ተላከ። አባቷ ሀጂ አብደላ «ልጄን ጠይቄ እሑድ መልስ እሰጣችኋለሁ» አሉ። ሐሙስ ዕለት ሩፈይዳ ላፕቶፗን ይዛ ሱቁ መጣች።

«እሺ ከማለቴ በፊት ሂንድን አገናኘኝ። ማሎ፣ እባክህ ሀምዳን፣ አንድ ጊዜ ብቻ። የኒካው ቀን ከጎኔ የምትቀመጠው እሷ ናት።»

ላብ አጠመቀው። «ሩፈይዳ... ሂንድ የለችም።»

ፊቷ አመድ መሰለ። «ኢናሊላሂ... መቼ? ትናንት ጽፋልኝ ነበር እኮ...» ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚህች ላይ ሸይጣን ጆሮው ስር መጣ። አዎ፣ ሞተች ቢል በቃ ሁሉም ያልፋል። ሩፈይዳ ታዝናለች፣ አጽናኟም እሱ ይሆናል። አፉን ከፈተ። ለሌለች ልጅ እንዲህ ስታለቅስ እያየ ግን አልቻለም።

«አልሞተችም። ኖራም አታውቅም። ጌሙን ሁለት ጊዜ ከፍቼ... ሂንድ እኔ ነበርኩ።»

ለቅሶዋ ቀጥ አለ። «ስለ እናቴ የነገርኳት?»

«እኔ ነኝ ያነበብኩት።»

«ወደድኩት ያልኳትስ?»

አንገቱን ደፋ። «ይቅር በይኝ። እንዳላጣሽ ፈርቼ ነው።»

«አንተን አንድ ቀን ይቅር እል ይሆናል» አለች ቀስ ብላ። «ሂንድን ግን ማን ይመልስልኛል? እንዲህ ስትበድለኝ እንኳ ሮጬ የምነግረው ለእሷ ነበር።»

ላፕቶፗን ትታው ወጣች።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አጨማደው ተመለሱ። «ልጅቷ እምቢ አለች። ምን በደለሽ ስንላት፣ ምንም አልበደለኝም፣ ሐሳቤን ቀየርኩ አለችን። ቁም ነገር የሌላት ናት፣ እንኳንም ቀረብህ።»

ሀምዳን ጆሮውን ማመን አቃተው። የእሷን ገመና ወራት ሙሉ ሲሰርቅ የከረመውን ሰው፣ እሷ ለአባቷ እንኳ አሳልፋ አልሰጠችውም። ከዚህ ይልቅ በሰው ፊት ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«ስሟን አታንሱ» አላቸው። «ጥፋቱ የኔ ነው።» አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ከዚያ ሀጂ አብደላ ቤት ሄዶ ደገመው።

ሀጂ እስከ መጨረሻው ሰሙት። «ልጄ ስምህን ጠበቀችልህ። አንተም ስሟን ልትጠብቅ መምጣትህ ደግ ነው» አሉት። «መልሷ ግን ያው ነው።»

«አውቃለሁ፣ ሀጂ።»

ሊወጣ ሲል ሩፈይዳ ከጓዳ ብቅ አለች። ላፕቶፑን ይዞላት መጥቶ ነበር፤ በሁለት እጇ ተቀበለችው።

«ደህና ሁን፣ ሀምዳን።»

በድምጿ ውስጥ ቂም አልነበረም። እስከ ሱቁ ድረስ እያለቀሰ ሄደ።