ካራማራ ላይ የተቆጠረ ልብ

ሙላቱን ከጅጅጋ ያስባረርኩት እኔ ነኝ። ያስባረርኩትም ስለ ወደድኩት ነው።

በ1978 ዓ.ም. ካራማራ ተራራ አናት ላይ ላለው የሬዲዮ ምሰሶ የተመደቡ ሁለት ቴክኒሻኖች ዳገቱን ሲወጡ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ቤንዚን በኩፖን ስለነበር የሚወጣው በእግር ነው። የክሊኒካችን ሐኪም እንዳሉት ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ልብ ይሮጣል፤ እርምጃውን ያልቀነሰ ሰው ይወድቃል። አዲስ ከመጡት አራት ቴክኒሻኖች ጋር አብሬ ወጥቼ፣ ግርጌውና አናቱ ላይ የልብ ምታቸውን እንድቆጥር ታዘዝኩ። ተራራው የማይስማማው ሰው ቆላ ወርዶ ሽንሌ ይመደባል።

ስሜ ለተሥላሴ ነው፤ ያኔ የስድስት ወር ኮርስ የጨረስኩ ጤና ረዳት ነበርኩ። ኩራቴ ግን የሐኪም ነበር።

ግርጌው ላይ አራቱም ሰማንያ ሰማንያ ሆኑ። ደስ አለኝ። መንገድ የሚመሩን፣ በዚያ ተራራ ሥር ግመል ሲጠብቁ ያረጁት አዴር፣ በሶማልኛ አጎት፣ ሂርሲ ግን ቁጥሩን ሲሰሙ «ተራራው አራቱንም አይቀበልም» ብለው ፊታቸውን አጠቆሩ።

ሦስቱ እየተሽቀዳደሙ ወጡ። ልከተላቸው ስል ትንፋሼ ተቆረጠ። አራተኛው፣ ረጅሙ የደብረ ብርሃን ልጅ ሙላቱ፣ ኋላ ቀረልኝ። እያወራሽ መሄድ ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው አለኝ፤ እርምጃዬን እንዴት እንደማሳጥርም አሳየኝ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለና ሳቀ።

ቅዳሜ ምሳ አብረን እንድንበላ ጠየቀኝ፤ እሺ አልኩት። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን የማሳርፍበት ጠፋኝ።

ወዲያው ጉም ወረደ። ከሶማሊያ ጦርነት የቀሩት ምሽጎች ከግራም ከቀኝም አፋቸውን እንደከፈቱ ነበሩ። ስንቆም የሁለታችንም ኮቴ ይቆማል፤ ከኋላችን ግን አንድ ኮቴ ዘግይቶ ይቆማል። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሙላቱም ሰምቶ ኖሮ እጄን ያዘኝ። አንዳችንም ዞር አላልንም። የማን ኮቴ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

አናቱ ላይ ቆጠርኩ። የመጀመሪያው መቶ አራት። ሁለተኛው መቶ አራት። ሦስተኛውም መቶ አራት። የሙላቱን እጅ ያዝኩ፤ መቶ አርባ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ መቶ አርባ ስምንት። ፊቱ ላይ ድካም የለም፤ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

አዴር ሂርሲ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ አናገሩኝ።

«ልጄ፣ ተራራው የሦስቱን ልብ አንድ አድርጎ ተቀብሏል፤ አይነካቸውም። ይሄን ልጅ ግን አልተቀበለም። እዚህ ከተቀመጠ በሕይወት አይወርድም።»

እንዲህ ያለ ነገር ከማያምኑት ነበርኩ። ግን የሽማግሌው ቃልና የእኔ ቁጥር አንድ ሆኑብኝ። ከሚሞትብኝ ይራቅልኝ ብዬ «ለከፍታ ብቁ አይደለም» በሚለው ሥር ፈረምኩ።

ቅዳሜ ሳይደርስ ሙላቱ ሻንጣውን ይዞ ክሊኒክ መጣ።

«ካልፈለግሽኝ እምቢ ማለት ይበቃ ነበር» አለኝ። «ሽንሌ ድረስ መላክ ምን አመጣው?»

ተራራው ሊገድልህ ነው ማለት አፍሬ «የልብ ምትህ ነው» አልኩት። ያንን እንደ ሰበብ ቆጥሮ ሄደ።

ወር ሳይሞላ አንዲት በትኩሳት የምትነድ ሴት መጣች። ክንዷን ይዤ ቆጥሬ «ሰባ ስድስት» ስል የክሊኒኩ አንጋፋ ነርስ ሲስተር ፋርቱን ወደ እጄ አየች።

«በአውራ ጣትሽ ነው እንዴ የምትቆጥሪው?»

«አዎ፣ ምነው?»

«አውራ ጣት የራሱ ምት አለው። ይሄን ሁሉ ጊዜ ስትቆጥሪ የኖርሽው የራስሽን ልብ ነው።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ለካ ኮርሱ ላይ ታምሜ የቀረሁት የልብ ምት ቆጠራ በተማሩበት ቀን ኖሯል። ሰማንያው የእኔ፣ መቶ አራቱ የእኔ፣ መቶ አርባውም የእኔ። ተራራው ማንንም አልተቀበለም፣ ማንንም አልገፋም። አፈርኩ፤ ደግሞም ደስ አለኝ፤ ከዚያ አለቀስኩ።

በሐረርና በድሬዳዋ አድርጌ ሽንሌ ገባሁ። ቀትር ስለነበር ከተማዋ ጭር ብላለች። የሚሰማኝ ኮቴ አንድ ብቻ መሆኑን እየቆምኩ አዳመጥኩ። ሙላቱን ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ፣ የአንዲት ክፍል በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሲያየኝ አልተነሳም።

ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ የሽማግሌውን ቃል፣ ፍርሃቴን፣ አውራ ጣቴን ሳይቀር።

«የሌሎቹን እጅ ስትይዢ መቶ አራት» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ።»

«የእኔን ስትይዢ መቶ አርባ።»

«ሁለተኛው መቶ አርባ ስምንት ነው።»

ከዚያ ተነስቶ ቦርሳዬን ተቀበለኝ።

«መመለሻሽ መቼ ነው?»

«የመመለሻ መኪና አልጠየቅሁም» አልኩት።