አሥራ ሁለት ዓይን ያለው አንባቢ

መጽሐፉ ጥገና ክፍል የደረሰው ሰኞ ጠዋት ነው። የጥገና ሠራተኛዋ ፀዳለ ገጹን ገልጣ አየችው፤ ባዶ ነበር። ባዶ መሆኑ ደግ ነው። ዓይን-ለይ መጽሐፍ የተከራየውን ተማሪ ዓይን ሲያይ ብቻ ፊደሉን ያወጣል፤ ለሌላው ሰው ነጭ ወረቀት ነው። ከሽፋኑ ላይ የተለጠፈው ማስታወሻ ግን እንዲህ ይላል፦ “ለሌሎች ዓይኖችም ይከፈታል። ቁልፉ ተሰብሮ ከተገኘ ተከራይዋ ከፈተና ትታገዳለች።”

ተከራይዋ ቦጋለች ዋናቾ፣ የሁለተኛ ዓመት የነርስነት ተማሪ፣ በሩ ሥር ቆማለች። ዩኒቨርሲቲው ጫሞ ሐይቅ ላይ ስለተንሳፈፈ ወለሉ በዝግታ ይወዛወዛል።

“እትዬ፣ እኔ አልነካሁትም። ብሎን መፍታት እንኳ አላውቅም።”

“ስንት ሆናችሁ ነው የምታነቡት?”

ቦጋለች መሬት መሬት አየች። “ስድስት። የአንድ ዶርም ልጆች ነን። የስድስት ሰው ኪራይ ከየት ይመጣል? አንድ መጽሐፍ ብቻ ተከራየን። እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ።”

“ሲደክምሽስ?”

“ያኔማ ጉድ ነው!” ሳቅ አመለጣት። “ዓይኔ ሲከደን ብርቄ በክርኗ ትጎስመኛለች። ካልነቃሁ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር በግምቷ ትጨርሰዋለች፤ ሌሎቹም ተራ በተራ እንደዚያው ያደርጋሉ። አንድ ቀን ብርቄ ጉበትን በግራ በኩል አስቀምጣው፣ ሁላችንም እንደዚያው ጽፈን ነበር።”

ፀዳለ መጽሐፉን ከመመርመሪያው ጋር አገናኘችው። ቁልፉ ደህና ነው። የሰው ዓይን ይታመማል፣ መነጽር ያደርጋል፤ ስለዚህ መጽሐፉ ዓይኑን ሲጠራጠር በድምፅ እንዲያረጋግጥ ተደርጎ ተሠርቷል። የተጀመረውን ዓረፍተ ነገር የሚጨርሰው ያው የጀመረው ሰው ነው ብሎ ያምናል፤ የጨረሰውንም ሰው ዓይን የተከራዩ ዓይን አድርጎ ይመዘግባል። የሠሩት ሰዎች ሌላ ሰው ይጨርሰዋል ብለው አላሰቡም።

የመመርመሪያው መስኮት ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፦ አንባቢ፦ አንድ። ዓይን፦ አሥራ ሁለት።

ፀዳለ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እሷም ትምህርቷን ያቋረጠችው በሁለተኛ ዓመቷ፣ መጽሐፍ አጥታ ነበር። ያኔ ለማንም አልተናገረችም።

“ፈተናው ሐሙስ አይደል?” አለች ቀና ሳትል። “ሂጂ አጥኚ።”

ቅጹ ላይ “ጉድለት የለበትም” ብላ ጻፈችና መጽሐፉን ሰጠቻት።

ቦጋለች በሩ ጋ ደርሳ ዞረች። “እትዬ፣ ዛሬ የልብን ምዕራፍ ነው የምናነበው። ከሥራ ሲወጡ ብቅ ቢሉስ?”

“እኔ ምን ላደርግ? ለእኔ እኮ ባዶ ነው።”

“ጮክ ብለን ነው የምናነበው።”

ፀዳለ አምስት ደቂቃ ብቻ ልትቀመጥ ሄደች። በማግሥቱም ሄደች፤ ከፈተናው በኋላም መሄዷን አልተወችም። አንድ ቀን ቦጋለች መሃል ላይ ስታስነጥስ፣ ዓረፍተ ነገሩን ማን እንደጨረሰው አንዳቸውም አላስተዋሉም።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ፣ ስድስቱም ካለፉ በኋላ፣ መጽሐፉ ለመመለሻ ምርመራ ጠረጴዛዋ ላይ መጣ። ፀዳለ እንደ ልማዷ ባዶውን ገጽ ልታይ ከፈተችው። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ ከዚያም አራቱ የልብ ክፍሎች፣ ከነስማቸው። መጽሐፉን ከመመርመሪያው ጋር አገናኘችው።

አንባቢ፦ አንድ። ዓይን፦ አሥራ አራት።

ቅጹን ሳበችና እንደ በፊቱ ጻፈች፦ “ጉድለት የለበትም።”